ወላጅ ይዛችሁ ኑ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራት አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ ሌላውን ጫማ ሲፈልግ፣ ከግድግዳው ወዲያ የአከራዩ የወይዘሮ አረጋሽ ድምፅ ጮኸ። «ተናገሪ! ምን ብታጠፊ ነው ወላጅ አምጪ የተባልሽው?» ቀጥሎ የአለንጋ ድምፅ መጣ፤ ከዚያም የልጅቷ የስንዱ ልቅሶ። «ምንም አላጠፋሁም፣ እማዬ! በማርያም ምንም አላጠፋሁም!» ጭቃ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ መለጠፍ ነፋስ ይከለክል እንደሆን እንጂ ድምፅ አይከለክልም፤ አሥራት በዚህ ቤት ተከራይቶ መኖር ከጀመረ ወዲህ አረጋሽ ባስነጠሰች ቁጥር ከወዲህ ሆኖ «ይማርዎ» ይላል። ዛሬ ግን የሚለው ጠፋው። ወላጅ ይዘሽ ነይ ያላት ዲሬክተር እሱ ራሱ ነውና።

ስንዱን ብቻ ብሎ ቢሆን ደግ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰንደቅ ዓላማ ሲወርድ የትምህርት ቤቱን ልጅ በሙሉ አሰልፎ፣ «ነገ ከቀትር በኋላ ሁላችሁም ወላጅ ይዛችሁ ኑ! ያለ ወላጅ የሚመጣ እንዳይኖር!» ብሎ ነበር ያሰናበተው። ልጆቹ እንደ ወትሮው እየተንጫጩ አልወጡም፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሄዱት። አሥራትም ይህን አይቶ፣ እንዴት ያሉ ሥርዓት የገባቸው ልጆች ናቸው ብሎ ረክቶ ነበር። በዚህ አገር ልጅ ወላጅ አምጣ የሚባለው መስኮት ሲሰብር፣ ጓደኛውን ሲፈነክት ወይም ከዚያ የባሰ ሲሠራ ብቻ እንደሆነ ማን አጣው? እሱም ተማሪ ሳለ ተብሏል፤ ያውም ደጋግሞ። ዲሬክተር ሲሆኑ ግን ብዙ ነገር ይረሳል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚረሳው ደግሞ ተማሪ መሆን ነው።

ጫማውን እንዳገኘ በጓሮ በር ዞሮ ወደ አረጋሽ ቤት ገባ። ቤቱ ግማሹ ምግብ ቤት ነው፤ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ ጠረጴዛዎቹ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል፣ ሽሮ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ቀይ ወጥ በሃምሳ ይሸጣል፤ በጅማ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ምሳቸውን የሚበሉት እዚህ ነው። አረጋሽ አለንጋውን እንደያዘች መሀል ቤት ቆማለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱንም ልጅቷንም ብቻዋን ይዛ፣ ሾፌር በሚመላለስበት ቤት አንድም ቀን ስሟ በክፉ ሳይነሣ የኖረች ሴት ናት፤ ይህንንም ራሷ በደንብ ታውቀዋለች። ከተጂ ለገበያ የመጣችው የባሏ እህት ሸዋነሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋለች። ስንዱ ከጤፍ ጆንያው ኋላ ናት፤ እግሯ ብቻ ይታያል።

«እትዬ አረጋሽ፣ ስንዱ ምንም አላጠፋችም። የጠራሁት እኮ ሁሉንም ነው» አለ አሥራት።

«ሁሉም አጠፉ?»

«ማንም አላጠፋም! ወላጆች ተሰብስበው ስለ ትምህርት ቤቱ እንዲመክሩ ብዬ ነው።»

አረጋሽ በሐዘኔታ አየችው። «ሆድህ ባባ፣ ልጄ። ስታለቅስ ሰምተህ ልትሸፍንላት ነው፤ ጨዋ መሆንህን መች አጣሁት። ግን ሴት ልጅ ወላጅ አምጪ ስትባል ሰፈሩ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትምህርቱ ይበቃታል። ዛሬ በአውቶቡስ ከአክስቷ ጋር ተጂ ትሄዳለች።»

አሥራት ማለ፣ ተገዘተ። በለመነ ቁጥር ግን የአረጋሽ ጥርጣሬ እየባሰ ሄደ፤ ዲሬክተር የሚያህል ሰው እንዲህ ደረቱን እየደቃ የሚለምን ከሆነ ጥፋቱ ከባድ ቢሆን ነው። ተጂ አክስቷ ቤት ለአንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ የሚጠብቃት ውሃ መቅዳትና እህል ማበጠር ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ባል። ይህን አራቱም ያውቃሉ። ሸዋነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ከጆንያው ኋላ ያለው እግር ተሰበሰበ። «ከቀትር በኋላ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስሟን አጥርቼ ነው የምሸኛት» አለች አረጋሽና አለንጋውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። አሥራት ቁርሱን ሳይበላ ወጣ።

ነገሩን የጀመረው በደግ ልብ ነበር። ትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አለው፤ ሊቀ መንበሩም ግራዝማች ተድላ ናቸው። ግራዝማች መልካም ሰው ናቸው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በበቅሎ መጥተው የተሰጣቸውን ወረቀት ሁሉ ሳያነቡ ይፈርማሉ። ልጆቻቸው አድገው፣ አንዱ ዳኛ ሌላው የመቶ አለቃ ከሆኑ ቆይቷል። የቀሩት የኮሚቴ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድም ልጅ የሌላቸው የተከበሩ ሰዎች። ልጁን በየጠዋቱ ከፉሪ ኮረብታ ቁልቁል የሚሰደው ገበሬ፣ ልጇን የጅማን መንገድ የምታሻግረው እናት፣ ትምህርት በስንት ሰዓት ይጀመር፣ ልጁ ምሳውን የት ይብላ ቢባል የሚሉት አላቸው፤ የጠየቃቸው ግን የለም። አሥራት ወላጆቹን የመሰብሰብ ሐሳቡን ሲያማክራቸው ግራዝማች ሳቁ። «የሰበታ ወላጅ የትምህርት ቤት ደጃፍ አይረግጥም። እስቲ ሞክረው» አሉት።

ገበያው ሞቅ ብሏል። አሥራት ረሃቡን ለማስታገሥ ቆሎ ሊገዛ ቆመና አንድ ያልለመደው ነገር አስተዋለ፤ ሰው ሁሉ ዶሮ ታቅፏል። «ዶሮ ስንት ነው ዛሬ?» አላት ቆሎ ሻጯን ጠጅቱን።

«ተወኝ፣ ወንድሜ! ትናንት ስልሳ ሳንቲም የነበረ አውራ ዶሮ ዛሬ አንድ ብር ገባ። የልጅ መከራ ነው። አዲሱ ዲሬክተር ያገሩን ልጅ በሙሉ ሊያባርር ነው አሉ፤ ወላጁ ሊለምነው ነው። አውሬ ነው ይሉታል፤ እኔስ አላየሁትም።»

አውሬው የአሥር ሳንቲም ቆሎውን ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ አለፈ። የሀሰኖ ሱቅ ደጃፍ ሲደርስ ሀሰኖ እንደ ወትሮው አቡጀዲ እየለካ ነበር፤ በሰላምታ ተቀብሎ ስለ ዝናቡና ስለ ስኳር መወደድ አወራው፤ ስለ ስብሰባው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። አሥራት አላስቻለውም። «ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ አይደል?» ብሎ ጠየቀው። «ወዴት?» አለ ሀሰኖ። ልጁ ከሊፋ ምንም አልነገረውም። ከሱቁ ማዶ ጋሪ ነጂው ቦጂያ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ፣ ጸጉሩን ቅባት ቀብቶ፣ ከዲሬክተሩ ዓይን ፈረሱ ኋላ ለመደበቅ ይሞክር ነበር። አሥራት አየው እንጂ ልብ አላለውም፤ ሐሳቡ ሁሉ ስንዱ ላይ ነው። ወላጆቹ ሁሉ ባሉበት ጉዳዩን አስረዳለሁ፣ አረጋሽም ከሁሉ ጋር ስትሰማ ታምነኛለች ብሎ ራሱን አጽናና።

ከቀትር በኋላ ግቢው ጢም አለ። ከትልቁ ዋርካ ሥር ከየክፍሉ የወጡ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንድም ሰው ግን አልተቀመጠም። የመጡት እንደ ተሰብሳቢ ሳይሆን እንደ ባለጉዳይ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ልጁን ከፊት፣ ዶሮውን በብብት፣ ሽማግሌውን ከኋላ አድርጎ፣ የጎረቤቱ ጆሮ የልጁን ጥፋት እንዳይሰማ ራቅ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ወግ ነው። ለሽማግሌነት ከሁሉ የተፈለጉት ከፉሪ የወረዱት ኦቦ ደገፋ ነበሩ። ጠዋት አንዱ ለመናቸው፣ እሺ አሉ፤ ሌላው ለመናቸው፣ እሺ አሉ፤ አሁን ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው በከዘራቸው እየተመላለሱ የትኛውን እንደሚያስቀድሙ ጨንቋቸዋል። አረጋሽም የያዘችው እሳቸውን ነው። ስንዱ ዓይኗ አብጦ ከእናቷ አጠገብ ቆማለች፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቆም ክፍተት አለ። ሸዋነሽ የስንዱን ጥቅልል ልብስ ይዛ ከኋላቸው ናት። ግራዝማች ተድላ ወሬውን ሰምተው መጥተው፣ ከቢሮው በወጣላቸው የክንድ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ወላጆች ሆይ፣» አለ አሥራት፣ ሌሊቱን ያጠናውን ንግግር ትቶ፣ «ከልጆቻችሁ አንድም ያጠፋ የለም። የማዝንበትም የለም። እባካችሁ ተቀመጡ።»

ይህን ማለቱ የባሰ ሆነ። ሽማግሌ ይዞ የመጣን ሰው «ምንም አልተበደልኩም» ብሎ መመለስ እርቅ አልፈልግም ከማለት አይተናነስም፤ በሆዱ የያዘ ሰው የሚናገረው እንዲህ ነው። ሕዝቡ ጉልበቱን ማጠፍ ጀመረ። «ስለ መድኃኔ ዓለም!» ይላል አንዱ። «ስለ አላህ!» ይላል ሌላው። አንዲት እናት ዶሮዋን እግሩ ሥር አኖረችው። አሥራት እየዞረ ሰውን ከመሬት ሲያነሣ፣ ባንድ በኩል ያነሣው በሌላ በኩል ይንበረከካል። ግራዝማች ሳቃቸውን ለማፈን በጭራቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

በዚህ መሀል ከሊፋ የቦጂያን እጅ ይዞ ብቅ አለ። «እኔ የከሊፋ አባት ነኝ» አለ ቦጂያ፣ ድምፁን አወፍሮ። «ልጄ በደለኛ ነው፣ ይማሩልኝ።»

«የማን አባት ነህ?» አለ ከበስተኋላው ሀሰኖ። ወሬው ከንክኖት ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ኖሯል። ቦጂያ ከሊፋን አየ፣ ከሊፋ መሬቱን አየ። ሀሰኖ ሁለቱንም በዓይኑ መዝኖ ሲያበቃ፣ «ግድ የለም፣ አባትነቱን ውሰደው። የደብተሩንና የልብሱንም ወጪ ውሰድ፤ ጫማ በወር በወር ነው የሚጨርሰው» አለው። ሕዝቡ ከት ብሎ ሳቀ። ዶሮዎቹም ተንጫጩ። ከሊፋ ሳቁ እሱንም እንደሚያተርፈው አይቶ ፈገግ ሲል፣ ሀሰኖ ጆሮውን ይዞ ወደ ጎኑ ሳበው፤ ቀስ ብሎ ግን።

ሳቁ ሲበርድ አሥራት ዙሪያውን አየ። የልጆቹን ፊት ልብ ብሎ ያየው አሁን ገና ነው። ብዙዎቹ ዓይናቸው አብጧል፤ አንዱ ትንሽ ልጅ መቆም እያቃተው እግሩን ይቀያይራል። ይህ ሁሉ በእሱ አንድ ቃል የመጣ ነው፤ እስካሁን ደግሞ የተበዳይን ቦታ ይዞ ቆሟል። አፈረ። ከአጥሩ ሥር ሄዶ አንድ ደህና ድንጋይ አንሥቶ፣ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ኦቦ ደገፋ ፊት ጎንበስ አለ። ክራቫቱ ተንጠልጥሎ አፈሩን ነካ።

«በዳዩ እኔ ነኝ። ማንም ሳያጠፋ ወላጅ አምጡ ብዬ ልጆቻችሁን ያስመታሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ» አለ።

የተማረ ሰው፣ ያውም ዲሬክተር፣ ድንጋይ ተሸክሞ ሲቆም አይተው አያውቁም። ኦቦ ደገፋ ወደ ሰዉ ዞረው በኦሮምኛ ነገሩን አስረዱ። «ዲፈማ» የሚለው ቃል፣ ይቅርታ ማለት ነው፣ ደጋግሞ ተሰማ። ከአንዱ ጫፍ «ኤዬ!» የሚል የእሺታ ድምፅ ተነሣ፤ ከሌላው ጫፍ አንዱ አባት ልጁን አቅፎ ወደ ላይ አነሣው። «እንግዲያው ነገሩ ዞሯል፤ የምንፈርደው እኛ ነን» አሉ ኦቦ ደገፋ። «ፈራጅ ደግሞ ቆሞ አይፈርድም። ተቀመጡ።» ያን ጊዜ የሰበታ ወላጅ፣ ከፉሪ የወረደው ገበሬም፣ ነጋዴውም፣ ጋሪ ነጂው ሳይቀር፣ በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቦታ ያነሰው ሣሩ ላይ ተዘረፈጠ። አሥራት ድንጋዩን እንደተሸከመ ቀረ።

«ግራዝማች፣ እዚህ የሚማር ልጅ አለዎት?» አሉ ኦቦ ደገፋ፣ አክብረው።

«ለጊዜው የለኝም» አሉ ግራዝማች።

«እንግዲያው ዛሬ እንግዳችን ነዎት።»

ግራዝማች ይቆጣሉ ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሳቸው ግን ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ «ተመስገን፤ ፊርማውም ሰልችቶኝ ነበር» አሉ።

ፍርዱ ቶሎ አላለቀም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እያረመ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየተመላለሰ ዋለ። ድንጋዩን መሀል ላይ ራሳቸው ኦቦ ደገፋ አወረዱለት። አሥራት ያን ያህል የለፋበትን ነገር ሁሉ ሳይጠይቅ ሲሰጡት ተቀምጦ አዳመጠ። ካሁን ወዲያ ልጅ ወላጅ አምጣ አይባልም፤ ዲሬክተሩ ጉዳይ ካለው በእግሩ ቤት ድረስ ይምጣ፤ ጉዳይ ባይኖረውም ይምጣ፣ የልጁን ደግነት ሊነግርም ይምጣ ተባለ። ይህን መፈጸሙን ለማየት በየወሩ በዚህ ዋርካ ሥር እንሰበሰባለን አሉ፤ ይህ ካልሆነ ማን ያምነዋል? የፉሪ ሰዎች ደግሞ ከተነሣን አይቀር ብለው፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ትምህርት ዘግይቶ ይጀመር፣ ልጆቻችን እየተገረፉ ነው የሚገቡት አሉ። አሥራት ይህን ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር፤ እሱ ልጆቹ ሰነፎች መስለውት ነበር። ዶሮዎቹስ? የሚል ጥያቄ ተነሣ። «በየቤታችሁ ይዛችሁ ግቡና ለመታችሁት ልጅ እረዱለት» አሉ ኦቦ ደገፋ። በዚህ ፍርድ ከልጆቹ ወገን ከፍ ያለ ጩኸት ተሰማ።

የወላጆቹ ተጠሪዎች ሲመረጡ ኦቦ ደገፋ ተመረጡ፣ ሀሰኖም ተመረጠ። አረጋሽ እስከዚህ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም ነበር። አሁን ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች። «ሴት ልጅ ያላት እናትስ ለማን ትናገር?» አለች። «እኔ ዛሬ ልጄን የመታሁት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ምን ሆንሽ ብላ የምትጠይቀኝ አንዲት ሴት ባገኝ ኖሮ እጄ ባልተነሣ።» ኦቦ ደገፋ በከዘራቸው ጠቆሟት። «እንግዲያው አንቺ ሁኚ» አሉ። ሰዉ ሁሉ «ትሁን!» አለ። አረጋሽ ሹመቷን ለመቀበልም ለመመለስም ጊዜ አላገኘችም፤ ዞር ስትል ስንዱ ከአጠገቧ የለችም። ልጅቷን ፍርዱ ሳያልቅ፣ ድንጋዩ ገና በአሥራት ማጅራት ላይ ሳለ፣ አክስቷ እጇን ይዛ ወስዳታለች። አውቶቡሱ አይጠብቅማ። አረጋሽ ነጠላዋን ሰብስባ በሩጫ ወጣች።

አሥራት ሊከተላት ልቡ ቢነሣም አልተለቀቀም፤ አንዱ አባት ይጨብጠዋል፣ ሌላው ስለ ልጁ ይጠይቀዋል። የተጂ አውቶቡስ ጡሩንባ ከታች ከመንገዱ ሲሰማ ያን ሁሉ ደስታው ቀዘቀዘ። ሰው ሁሉ አትርፎ ያቺ አንዲት ልጅ ብትቀርስ? በመጨረሻ ሊመሽ ሲል አምልጦ የገበያውን መንገድ እየቆረጠ ሮጠ፤ ጠጅቱ ቆሎዋን ስትሰበስብ አይታው፣ «አውሬው!» ብላ በሳቅ ወደቀች፤ ለካ ማንነቱን ሰምታለች።

አረጋሽ በጓሮው በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ጠበቀችው። «ስንዱስ?» አለ፣ እያለከለከ።

«በዚህ አትገባም» አለች። «በዚህ የሚገባ ተከራይ ነው። ተከራይ እኔ አልጠራሁም። ፍርዱን ረሳኸው? ዲሬክተር በዋናው በር ነው የሚመጣ፤ የመጀመሪያው ቤትም የኔ ነው።»

አሥራት ዞሮ በዋናው በር ገባ። ሾፌር የለም፤ ምግብ ቤቱ ለዛሬ ተዘግቷል፤ መሀል ቤት መሶብ ቀርቧል፣ የዶሮው ወጥ ይሸታል። ስንዱ ጥቅልል ልብሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እናቷ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ነው ያወረደቻት፤ አክስቷ ብቻዋን ሄዳለች። ወጡ ሲቀርብላት ግን እጇን አልዘረጋችም።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ አሥራት» አለች አረጋሽ፣ ከዚህ ቀደም አንቱ ብላው እንደማታውቅ የተረሳት ትመስል ነበር። «ልጄ በትምህርቷ እንዴት ናት?»

አሥራት ያለውን ተናገረ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ስንዱ በሒሳብ ደካማ ናት፣ በንባብ ግን ከክፍሏ የሚቀድማት የለም፤ ትናንሾቹ ሲያለቅሱ የምታባብለውም እሷ ናት። አረጋሽ ይህን የሰማችው በአምስት የትምህርት ዓመት ውስጥ ዛሬ ገና ነው። ተነሥታ ልጇ ፊት በርከክ አለች። «በድዬሻለሁ፣ ስንዱዬ። ሰው ፈርቼ አንቺን መታሁ። ይቅር በዪኝ።»

ስንዱ እናቷን አየች፤ ከዚያ ዲሬክተሩን። አሥራትን ከከሰዓት በኋላው ፍርድ ይልቅ ይህኛው አስፈራው።

«ሰኞ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለች ስንዱ በመጨረሻ። «እጄን ይዘሽ። በዋናው መንገድ። ሰው ሁሉ እያየ።»

አረጋሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ጥቂት አሰበችም።

«የትኛውን ቀሚሴን ልልበስ?» አለች።

«አዲሱን» አለች ስንዱ፤ ጥቅልሉንም ከጭኗ አውርዳ እጇን ወደ መሶቡ ዘረጋች።